ከጉንደት እስከ ደብረ ታቦር፦ ግብፅን ለሽንፈት የዳረገ የተሳሳተ መረጃ

በጥቅምት 1872 ዓ.ም. ጀኔራል ቻርልስ ጎርደን የግብፅ መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛን ለማነጋገር ደብረ ታቦር ገባ። ከተማዋ በዘመኑ ከንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫዎች አንዷ ነበረች። ጎርደንን ለድርድር ያመጣው፣ ግብፅ ከአራት ዓመት በፊት በተሳሳተ ግምት ተነሣሥታ የከፈተችው ጦርነት ነው።

የግምቱ ዋና ምንጭ የስዊስ ተወላጁ ቬርነር ሙንዚንገር ነበር። ምጽዋ ላይ የፈረንሳይ ቆንስል ሆኖ ሠርቷል፤ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ለዘመተው የእንግሊዝ ጦርም መረጃ አቀብሏል። ኋላም በግብፅ ስም ምጽዋን ገዛ፤ በ1864 ዓ.ም. ቦጎስን ያዘ። ለኬዲቭ እስማኤል የሰጠው ምክር ኢትዮጵያ በመሳፍንት የተከፋፈለች ስለሆነች በቀላሉ ትሸነፋለች የሚል ነበር።

የመሳፍንቱ መከፋፈል እውነት ነበር፤ ስሕተቱ የውጭ ጦር ሲመጣም ክፍፍሉ እንዳለ ይቀጥላል ብሎ ማሰቡ ላይ ነው። ዐፄ ዮሐንስ የክተት ዐዋጅ ሲያስነግሩ ብዙ ሠራዊት ተሰበሰበ። ወሰን ማስከበር በሚል ስም የገባው የኮሎኔል አሬንድሮፕ ጦር ኅዳር 7 ቀን 1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይ ተደመሰሰ። ሙንዚንገርም የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን ለማግኘት በአውሳ በኩል ሲጓዝ በዚያው ሰሞን ተገደለ። ኬዲቩ ግን ከ10 ሺህ በላይ ወታደር ጨምሮ ላከ። የሐማሴኑ ወልደ ሚካኤል ሰሎሞን ወደ ግብፅ ቢያድርም፣ ይህም ጦር ከየካቲት 29 ቀን ጀምሮ ጉራዕ ላይ በተደረገው ውጊያ ድል ሆነ። በዕዳ የተዘፈቀው የግብፅ ግምጃ ቤትም በዚያው ዓመት ዕዳውን መክፈል አቃተው።

መረጃ ሰብሳቢው፣ ዕቅድ አውጪውና ከድሉ ተጠቃሚው አንድ ሰው ሲሆን መሪው ሁለተኛ አስተያየት አያገኝም። በሚያዝያ 1953 ዓ.ም. ኩባ ላይ የሆነውም ይህንኑ ይመስላል። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲ.አይ.ኤ. የወረራውን ዕቅድ አወጣ፤ የመሳካት ዕድሉንም ራሱ ገምግሞ ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ አቀረበ። 1,400 ያህል ስደተኛ ኩባውያን በሦስት ቀን ውስጥ ተሸነፉ።

የጎርደን ድርድር ያለ ስምምነት ተቋጨ። ቦጎስ ወደ ኢትዮጵያ እንዲመለስ የተወሰነው በግንቦት 1876 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በተፈረመው ውል ነው።