በመካከል የነበረው ሰው

በልጅነቴ በመንደራችን ስልክ የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነበር። ከዐረብ አገር ሲደወል የቤቱ እመቤት መጋረጃውን ገልጠው «ማነህ፣ ሮጠህ እማማን ጥራቸው፤ ልጃቸው ከዐሥር ደቂቃ በኋላ መልሳ ትደውላለች» ይሉኛል። እኔም በባዶ እግሬ እከንፍ ነበር። እማማ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሲመጡ ሁለት ሦስት ጎረቤቶች ይከተሏቸዋል። ንግግሩ አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ ወሬው ግን ቡና ይፈላበት ነበር። ልጅቱ ደኅና ስትሆን አብረን እንስቃለን፤ እማማ ዐይናቸውን ሲጠርጉም አጠገባቸው ሰው አያጡም።

የመገናኛ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ መሣሪያው ነው፤ ማን ፈለሰፈው፣ መቼ ገባ፣ ምን ያህል ፈጠነ። ያ የሚሮጠው ልጅ ግን አይጻፍለትም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እርሱ ነው።

ጥንት መልእክት ያለ ሰው አይጓዝም ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆላስይስ ምእመናን የላከው ቲኪቆስ ጽሑፍ አድርሶ የሚመለስ ተላላኪ ብቻ አልነበረም። በደብዳቤው መጨረሻ እንደምናነበው፣ የጳውሎስን ሁኔታ በቃሉ እንዲነግራቸውና ልባቸውን እንዲያጽናና የተላከ ወንድም ነበር። ጽሑፉ ያልያዘውን ሰውየው ይሞላው ነበር።

ወደ አገራችን ስንመጣ እ.ኤ.አ. 1894 ትልቅ ዓመት ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የፖስታ አገልግሎት የተመሠረተውም፣ ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር የስልክ መሥመር ሥራ የተጀመረውም በዚያ ዓመት ነው። «ስልክ» የሚለው ቃላችን ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ሽቦ» ነው። ሽቦው በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረውን መንገድ አሳጠረው። ነገር ግን ሽቦ ብቻውን ሰውን ከሰው አላገናኘም። ደዋዩ ስልክ ወዳለበት ይሄዳል፣ ስልከኛው መሥመሩን በእጁ ያገናኛል፣ ተፈላጊውን የሚጠራ ሰው ይላካል። ፍጥነቱ ጨመረ፤ በመካከል ያለው ሰው ግን አልጠፋም።

ደብዳቤም እንዲሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር አብዛኛው የአገራችን ሰው ማንበብ አይችልም ነበር። ስለዚህ ለአያት የመጣ ደብዳቤ በልጅ ልጅ ወይም በጎረቤት ተማሪ ይነበባል። ከ«ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ጀምሮ እስከ ስንብቱ ድረስ አንባቢው የቤቱን ምስጢር ይካፈላል፤ ከባድ ነገር ሲያጋጥመው ቀና ብሎ የአያቱን ፊት ያያል። ማንበብ ብቻ ሳይሆን ሸክም መካፈል ነበር።

ራዲዮና ካሴት ሲመጡም ሰው ከሰው አልተለየም። የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1963 ከአዲስ አበባ ማሰራጨት ሲጀምር፣ ራዲዮ ያለው ቤት የጎረቤት መሰብሰቢያ ነበር። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1977 በደርግ ተወረሰ። ቀጥሎም ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ምእመናን በየቤቱ ተሰባሰቡ፤ መዝሙሩም በካሴት እየተቀዳ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ካሴቱን የሚያደርሰው ሰው አደጋ ላይ ነበር። የተቀበለውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከሌሎች ጋር ያዳምጥ ነበር። በእያንዳንዱ ካሴት ጀርባ የታመነ ወዳጅ ነበረ።

እ.ኤ.አ. በ1999 ሞባይል አዲስ አበባ ገባ። ዛሬ ስልኩ ኪሳችን ውስጥ ነው፤ የሚጠራን ልጅ አያስፈልገንም። ይህ በረከት አይደለም የሚል ካለ፣ ልጇን ለዓመታት ያላየች እናት በኢሞ ፊቷን ስታይ ይመልከት። እኔ ወደ ባለ አንድ ስልክ መንደር እንመለስ አልልም። ነገር ግን ከሚሮጠው ልጅ ጋር አብሮ የሄደ ነገር አለ። በጉልህ የሚታየው በመርዶ ነው።

በባህላችን መርዶ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። ሽማግሌዎችና ወዳጆች ተጠራርተው ማለዳ በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ወሬው ከመነገሩ በፊት ሐዘንተኛው የሚይዘው እጅ ይዘጋጅለታል። አንድ ጓደኛዬ ግን የአባቱን ሞት የሰማው ታክሲ ውስጥ ነው። ፌስቡክ ሲከፍት የአባቱ ፎቶ ላይ እምብዛም የማያውቃቸው ሰዎች «እግዚአብሔር ያጽናናህ» ብለው ጽፈውለት ነበር። ጽሑፎቹ ከሠላሳ በላይ ነበሩ። ተሳፋሪዎቹ ምን እንደ ሆነ አላወቁም። የት እንደ ወረደ ዛሬም አያስታውስም። የጻፉት ሁሉ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሁሉም አዝነው ነበር። የጎደለው በሩን የሚያንኳኳ ሰው ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ ከሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ግን ይህን ልማድ አልተውትም። ከአገር ቤት መርዶ ሲመጣ የሚደወለው ለሐዘንተኛው ሳይሆን ለወዳጆቹና ለቤተ ክርስቲያን ወንድሞቹ ነው። እነርሱ ተጠራርተው ማለዳ ይሄዳሉ። ስልኩ ያው የእኛ ስልክ ነው። ልዩነቱ መጀመሪያ ለማን እንደሚደወል ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ይህ ልማድ በእኛ እጅ ነው። ክፉ ወሬ ቀድሞ ሲደርሳችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት «ማን አጠገቡ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማንም ከሌለ ተነሥታችሁ ሂዱ።

እማማ ዛሬም አሉ። አሁን ስልካቸው በእጃቸው ነው። ባለፈው እሑድ ጎራ ስል ብቻቸውን ተቀምጠው ከልጃቸው ጋር ያወሩ ነበር። ስልኩን ወደ እኔ አዙረው «ይኸው፣ የሚጠራኝ ልጅ መጣ» አሏት። ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ ቡና ተፈላ።