34 ኢንች

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከኩታበር ደሴ ድረስ መጥቶ በሬን አንኳኳ። መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ልጁ ግን ያለ ጉዳይ አይመጣም። ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ ስልኩን አወጣና አንድ ፎቶግራፍ አሳየኝ። ጥቁር፣ ረጅም፣ ወደ ውስጥ የጎበጠ ነገር። መጀመሪያ የመኪና የፊት መስታወት መስሎኝ ነበር።

«ሞኒተር ነው አጎቴ» አለኝ፤ «34 ኢንች፣ ሰፊ። ወላሂ ኩታበር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የገባበት ቤት የለም።»

ልጁ የፕሌይስቴሽን ቤት ነበረው። ሁለት ማጫወቻ፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አራት አግዳሚ ወንበር፤ ከዚያ በር ላይ የሚቆመው ተመልካች ነው። የሚጫወቱት እግር ኳስ ነው። ጨዋታው ከ2016 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ስሙ ተለውጦ «ኤፍሲ» ቢባልም፣ እስከ ዛሬ ማንም «ፊፋ» ከማለት አላረፈም። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ኩታበር ደረሰ፤ ልጁም እንደ ሌላው ሰው በእግሩ ወጣ። በኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ተለቀቁ ተብሎ ሲመለስ ቤቱ ውስጥ የቀሩት አግዳሚዎቹ ብቻ ነበሩ። ማን ወሰደው ብሎ መጠየቅ በዚያ ሰሞን ትርጉም አልነበረውም።

አሁን እንደገና ሊከፍት ነው። ገንዘቡ ግን የእሱ አይደለም። ታላቅ እህቱ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ አብራ ተመልሳ፣ ኩታበር ጥቂት ተቀምጣ፣ ዳግመኛ ሄደች። የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ሲያልፍ የእሷም ሪያል ብዙ ብር ሆነ፤ የሞኒተሩም ዋጋ አብሮት ወጣ። ስለዚህ ልጁ ፎቶግራፉን ሲያሳየኝ እኔ ያየሁት ሞኒተሩን አልነበረም። የዚያችን ልጅ እጅ ነው ያየሁት።

እኔን የጠየቀኝ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ሁሉን ያውቃል ብሎ ነው። እኔም አላውቅም ማለት አልወድምና «ሦስት ቀን ስጠኝ» አልኩት።

መጀመሪያ የገረመኝ ልኬቱ ነው። እናቴ አቡጀዲ ልትገዛ ስትሄድ ክንደ ረጅሙን ወንድሟን ይዛ ትሄድ ነበር፤ ነጋዴው በበኩሉ ክንደ አጭር ልጁን ያቀርባል። የስክሪን ነጋዴዎች ደግሞ የሚለኩት ቁመቱንም ወርዱንም አይደለም። ከላይኛው የግራ ማዕዘን ወደ ታችኛው የቀኝ ማዕዘን፣ በሰያፍ ነው። ታዲያ ሰያፉ እኩል ቢሆንም ስክሪኑ ወደ ጎን በተለጠጠ ቁጥር ስፋቱ ይቀንሳል! ወረቀት ላይ አስልቼ ነው ያመንኩት። 32 ኢንች የሆነው የተለመደ ቅርጽ ወርዱ 71፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ልጁ የወደደው ባለ 34 ወርዱ 80 ነው፤ ቁመቱ ግን 33 ብቻ። ሲባዛ ባለ 32ቱ ይበልጣል። ክንደ አጭር ልጅ እዚህም አለ ማለት ነው።

ይህ ቅርጽ ከየት መጣ? በፈረንጆቹ 1890ዎቹ መጀመሪያ፣ በኤዲሰን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዲክሰን የሚባል ሰው በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ያወጣው ምስል ወርዱ 4 ቢሆን ቁመቱ 3 ነበር። ሲኒማው በዚያው ቀጠለ። (አዲስ አበባ ደግሞ የመጀመሪያውን ሲኒማዋን «ሰይጣን ቤት» አለችው፤ ግድግዳ ላይ የሚሮጥ ሰው የሰይጣን ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?) ቴሌቪዥንም ሲመጣ ያንኑ 4 ለ 3 ወረሰ። ጣጣው ከዚህ ይጀምራል። አሜሪካኖቹ ቤታቸው ቁጭ ብለው ማየት ሲችሉ ሲኒማ ቤቱ ባዶ ሆነ። የፊልም ነጋዴዎቹ ታዲያ ቴሌቪዥን የማይችለውን ነገር ፈለጉ፤ ስፋትን። እ.ኤ.አ. በ1953 ሲኒማስኮፕ የተባለው፣ ወርዱ ከቁመቱ ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ የሆነ ፊልም ወጣ። ሁለቱ ቅርጾች ለ30 ዓመት ሲጎረባበጡ ኖረው፣ በ1980ዎቹ ከርንስ ፓወርስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የሁሉንም ሣጥን በአንድ ወረቀት ላይ ደራርቦ ሣለና ሁሉን የሚያስማማ አንድ ሣጥን አገኘ፤ 16 ለ 9። የዛሬው ቴሌቪዥን ሁሉ እሱ ነው። የኮምፒዩተር ሞኒተርም ከ2008 ወዲህ ወደዚያው ተጠቃለለ፤ አምራቾቹ ቴሌቪዥኑንም ሞኒተሩንም ከአንድ ዓይነት መስታወት መቁረጥ ይረክስላቸዋልና። 21 ለ 9 የሚባለው፣ የእህቴን ልጅ ልቡን የሰለበው፣ ከ2012 ማብቂያ ጀምሮ ገበያ የገባ ሲሆን ከሲኒማው ስፋት ጋር የሚቀራረብ ነው። ሰውን ከቴሌቪዥን ለማስኮብለል የተፈጠረ ስፋት፣ ከ60 ዓመት በኋላ የአንድ ተጫዋች ጠረጴዛ ላይ አረፈ።

እኛ ወሎዬዎች ከስክሪን ጋር ያለን ታሪክ ግን በቅርጽ አይጀምርም። ስክሪን ከማየታችን በፊት ስክሪን ላይ የታየን ሰዎች ነን።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ቀን ነው፤ ሥርጭቱም በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ብዙም አይርቅም ነበር። በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ላይ የቀረጸውን ረሃብ የእንግሊዝ ሕዝብ ቤቱ ቁጭ ብሎ አየው። መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ግብዣ ጋር እያፈራረቀ በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግስቱ ጠዋት ንጉሡ ወረዱ። የወሎ ገበሬ መንግሥት ያወረደበትን ፊልም ራሱ አላየውም። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው ኮረም በመሐመድ አሚን ካሜራና በማይክል በርክ ድምፅ ከቢቢሲ ወጥታ ዓለምን ዞረች። ሚሊዮኖች ሳሎናቸው ተቀምጠው አለቀሱልን፤ ዘፈንም አወጡ። እኛ ደሴ የነበርን ልጆች ያኔ የምናውቀው ስክሪን አንድ ብቻ ነው፤ የቀበሌውን።

የቀበሌው ቴሌቪዥን በብረት ሣጥን ተቆልፎ ይኖር ነበር። ቁልፉ ያለው ሊቀ መንበሩ ጋ ነው። ማታ ሲከፈት አዳራሹ ጢም ይላል፤ ሽማግሌ ከፊት፣ ሴቶች ከመሐል፣ እኛ ልጆች ከጎን ግድግዳውን ተደግፈን። የያኔው ብርጭቆ ወደ ሰው የነፋ ሆድ ነበረውና ከጎን ሲያዩት የመስኮቱ ብርሃን ግማሹን ይውጠዋል። ግብ ሲገባ እኔ የማውቀው ከፊት ባሉት ሰዎች ጩኸት ነው። ያም ሆኖ ለአንድ ሣጥን መቶ ሰው ነበርን፤ አንድም ሰው «ይህ ነገር ጠባብ ነው» ሲል አልሰማሁም። በኋላ ቪዲዮ ቤት መጣ፣ ሳንቲም ተከፍሎ የሕንድ ፊልም፤ ከዚያ ዲሽ፣ ከዚያ ፕሌይስቴሽን። አግዳሚው ያው ነው።

ልጁ በሦስተኛው ቀን መጣና ይህን ሁሉ አወራሁለት። በትዕግሥት ሰማኝ፤ አሳዳጊው አይበደል። ሲያበቃ ግን «አጎቴ፣ ይሄ ከእኔ ሞኒተር ጋር ምን አገናኘው?» አለኝ። እውነቱን ነው። «እሺ፣ ሱቁ እንሂድ፤ ማጫወቻህን ይዘህ ና» አልኩት።

ፒያሳ አንድ ሱቅ ገባን። ባለሱቁ ትልቁን ሞኒተር በኮምፒዩተር አብርቶ የመኪና ጨዋታ ከፈተልን። እውነት ለመናገር አፌ ተከፈተ። መንገዱ ከጆሮ እስከ ጆሮ ነው! የሱቁ ልጆች ሁሉ ተሰበሰቡ። የእህቴ ልጅ ዓይኑ ሲያበራ ሳየው ባልመጣሁ ብዬ ተመኘሁ። ያም ሆኖ «በል እስኪ ያንተን ሰካው» አልኩ። ፕሌይስቴሽን 4 ተሰካ፤ እግር ኳሱ ተከፈተ። ሜዳው መሐል ላይ ቁጭ አለ። በግራ 10 ሳንቲ ሜትር ጥቁር፣ በቀኝ 10 ሳንቲ ሜትር ጥቁር።

«ማስተካከያው የት ነው?» አለ ልጁ።

ማስተካከያ የለውም። ፕሌይስቴሽን፣ አራትም ሆነ አምስት፣ የሚያወጣው ምስል 16 ለ 9 ነው። ሞኒተሩ ውስጥ ገብቶ ምስሉን በግድ መለጠጥ ይቻላል፤ ያኔ ግን ኳሱ እንቁላል፣ ተጫዋቹም ድንክ ይሆናል። ስለዚህ ባለ 34ቱ በፕሌይስቴሽን ሲታይ ባለ 27 ነው። ቀሪው ጥቁር ነው፤ የተከፈለበት ጥቁር። ባለሱቁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ «ኮምፒዩተር ግዙና ሙሉውን ይጠቀሙበት» አለ። ቢሆንም ያ ስፋት በነጥብ ሲቆጠር 3440 በ1440 ነው፤ ከ1920 በ1080ው ከሁለት እጥፍ በላይ። ያንን ሁሉ ነጥብ በየቅጽበቱ የሚሥል ካርድ ያለው ኮምፒዩተር ከሞኒተሩ ይበልጥ ይከብዳል። 144 ኸርዝ የሚለውም ጽሑፍ እንዲሁ ነው፤ ፕሌይስቴሽን 4 በሰከንድ ከ60 ምስል በላይ አይልክም፤ ቀሪው ለሌላ ሰው ቤት የተሠራ ፍጥነት ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ጉብጠቱ ነው። ልጁን ከጎን፣ እኔ ቀበሌ እቆምበት በነበረው አቅጣጫ አቆምኩትና «አሁን ምን ታያለህ?» አልኩት። የጎበጠ ሞኒተር የሚሠራው መሐል ለሚቀመጥ አንድ ሰው ነው፤ እሱን አቅፎ ሌላውን በጀርባው ይመልሳል። ያ ሞኒተር ደግሞ ከጎን ሲያዩት ቀለሙ የሚገረጣ ዓይነት ነበር። አንድ ጨዋታ ለሁለት ሰው ነው፤ ሁለቱም ከመሐል ውጪ ናቸው። ተራ የሚጠብቀው ደግሞ ከእነሱም ጎን ነው። ተራ ጠባቂው ካልታየው ይሄዳል፤ እሱ ከሄደ ቤቱ የለም።

ልጁ ዝም አለ። ተናደደብኝ መሰለኝ። ትልቅ ቴሌቪዥን ይሻል እንደሆን ጠየቀ፤ ያም መጥፎ ሐሳብ አይደለም፤ «ጌም ሞድ» የሚባለውን ካላበሩት ግን ቴሌቪዥን ምስሉን ለማሳመር ሲል ይዘገያልና ጣት ሲጫን ተጫዋቹ ቆይቶ ነው የሚመታው። ሁለቱንም ሞከርን። በመጨረሻ ባለ 32፣ ዝርግ፣ 16 ለ 9፣ ከጎን ቀለሙ የማይለወጠውን ያዘ። በተረፈው ገንዘብ ስታቢላይዘር ግዛ አልኩት፤ የኩታበርን መብራት አውቀዋለሁና። ስታቢላይዘሩን ሲሸከም ፊቱ እንደ ሙሾ አውራጅ ነበር። እሱም ልጅነት አለበት፤ ኩታበር ያልገባውን ነገር ማስገባት ፈልጎ ነበር፤ ያንን እኔ ነሣሁት። እስከ ዛሬ ሲከነክነኝ ይኖራል።

በሁለተኛው ቅዳሜ ኩታበር ወጣሁ። ብርዱ ያው ነው፤ ጋቢ ይዤ ነበር። ቤቱ ሞልቷል። ተጫዋቾቹ ሁለት፣ ተራ ጠባቂ ሰባት ስምንት፣ በር ላይ ትምህርት ቤት የሄዱ የሚመስላቸው እናቶች ያሏቸው ልጆች። እኔ ከጎን ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ግብ ሲገባ አየሁት።

ሪያድ ስልክ ተደወለ፤ በቪዲዮ። እህቱ የምታርፍባት ሰዓት ነበረች። «የታለ? አሳየኝ እንጂ!» አለች። ልጁ ስልኩን በቁሙ ይዞ ወደ ስክሪኑ አዞረው።

«ኧረ አጋድመው፤ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየኝ» አለች።