የሚዲ ማገናኛና የሲድ ቺፕ፦ በቤት የሚሠራ ሲንተሳይዘር ታሪካዊ አመጣጥ

በቤቱ ሲንተሳይዘር ለመሥራት የሚነሣ ባለሙያ ዛሬ ከሁሉ የሚከብደው ችግር ተቃልሎ ይጠብቀዋል። ይኸውም መሣሪያው ከሌሎች የሙዚቃ መሣሪያዎች ጋር የሚግባባበት ቋንቋ አስቀድሞ መዘጋጀቱ ነው። ይህ ሚዲ የተባለው ቋንቋ እንዲሁ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። ተፎካካሪ ፋብሪካዎች ቁጭ ብለው የተስማሙበት፣ ከዚያም ያለ ክፍያ ለማንም የለቀቁት ደንብ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሲንተሳይዘሮች በአብዛኛው የሚገናኙት በቮልቴጅ ነበር። የሞግና የሮላንድ መሣሪያዎች ለአንድ ኦክታቭ አንድ ቮልት ሲመድቡ፣ ኮርግና ያማሃ በብዙዎቹ መሣሪያዎቻቸው ቮልቴጁን ከድምፁ ድግግሞሽ ጋር በቀጥታ ያመጣጥኑ ነበር። የአንዱ ኪቦርድ የሌላውን መሣሪያ ቢያዝ የሚሰማው ቅኝቱ የተዛባ ዜማ ነው። ማይክሮፕሮሰሰር ከመጣ በኋላም ቢሆን እያንዳንዱ ፋብሪካ የየራሱን ዲጂታል ማገናኛ ማውጣት ጀመረ እንጂ ነገሩ አልተሻሻለም።

በ1981 የሮላንድ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ ጉዳዩን ለአሜሪካውያን ተፎካካሪዎቻቸው አነሡ። በካሊፎርኒያ የሴኩዌንሻል ሰርኪትስ ባለቤት የነበሩት መሐንዲስ ዴቭ ስሚዝም ከባልደረባቸው ከቼት ዉድ ጋር የመጀመሪያውን ንድፍ በዚያው ዓመት ለኦዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር አቀረቡ። ያማሃ፣ ኮርግና ካዋይም በምክክሩ ገቡበት። በጥር 1983 በአናሃይም ከተማ በተደረገው የሙዚቃ ዕቃ ነጋዴዎች ትርዒት ላይ የሴኩዌንሻል ፕሮፌት-600 ከሮላንድ ጁፒተር-6 ጋር በአንድ ገመድ ተያይዞ ተሰማ። ደንቡም በዚያው ዓመት ታትሞ ወጣ።

የዚህ ደንብ ቁም ነገር ያለው በርካሽነቱ ላይ ነው። የስሚዝ የመጀመሪያ ንድፍ ፍጥነት በሰከንድ 19,200 ቢት ነበር፤ በመጨረሻ የጸደቀው ግን 31,250 ሆነ። ቁጥሩ እንግዳ ቢመስልም ምክንያቱ ቀላል ነው፤ 1,000,000 ለ32 ሲካፈል 31,250 ይሆናል። በጊዜው የነበሩት ማይክሮፕሮሰሰሮች ከሚሠሩበት የሰዓት ምት በቀላል ክፍፍል ስለሚገኝ ሌላ ክሪስታል መግዛት አያስፈልግም ነበር። ለመሰኪያው በቴፕ መቅጃዎች ላይ የተለመደው ባለ አምስት እግር የዲን ሶኬት ተመረጠ። ምልክቱን የሚያመላልሱት አራተኛውና አምስተኛው እግሮች ብቻ ናቸው።

ለቤት ሠሪው ግን ከሁሉ የሚጠቅመው የተቀባዩ ወገን አሠራር ነው። የሚመጣው 5 ሚሊአምፔር ፍሰት ኦፕቶካፕለር በሚባለው ዕቃ ውስጥ ያለችውን ብርሃን ሰጪ ዳዮድ ያበራል፤ በማዶ በኩል ያለው ብርሃን ተቀባይ ምልክቱን ያነባል። በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል የሚሻገረው ብርሃን ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት የኧርዝ መስመሮች ተቆላልፈው በድምፅ ማጉያው የሚሰማው ጉርምርምታ ይቀራል፤ የአንዱ መሣሪያ ብልሽትም ወደ ሌላው በቀላሉ አይተላለፍም። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ኦፕቶካፕለር፣ አንድ ዳዮድና ጥቂት ሬዚስተሮች ናቸው። ለጥቂት ሳንቲም ብሎ ዘገምተኛ ኦፕቶካፕለር የሚገዛ ሰው ግን ምልክቱ እየተድበሰበሰ ሲያስቸግረው ይኖራል፤ ከ2 ማይክሮሰከንድ ባነሰ ጊዜ የሚነሣና የሚወድቅ መሆን አለበት።

ደንቡ ሲረቀቅ በፔንሲልቬኒያ ሌላ ሥራ ተጠናቅቆ ነበር። የኮሞዶር ንብረት በሆነው በሞስ ቴክኖሎጂ የሚሠሩት ቦብ ያኔስ፣ 6581 የተባለውን የሲድ ቺፕ በ1981 ነደፉ። በዘመኑ የቤት ኮምፒዩተር ድምፅ ከጩኸት ብዙም አይሻልም ነበር። ያኔስ ግን የሲንተሳይዘርን አሠራር ጠንቅቀው ያውቁ ስለነበር፣ ሦስት ድምፆች፣ ለእያንዳንዱ የራሱ የድምፅ መነሻና መክሰሚያ መቆጣጠሪያ፣ ለሦስቱም አንድ ፊልተር በ28 እግር ቺፕ ውስጥ አኖሩ። ቺፑ በ1982 በኮሞዶር 64 ተተክሎ ወደ ገበያ ወጣ። የሚገርመው ሴኩዌንሻል ራሱ ለኮሞዶር 64 የሚዲ ማገናኛ ሲያዘጋጅ ዓላማው ኮምፒዩተሩ ሌሎች ሲንተሳይዘሮችን እንዲያዝ ነበር፤ በውስጡ ያለው ቺፕ እንደ ሙዚቃ መሣሪያ አልተቆጠረም። ያንን የሠሩት በኋላ ዘመን ቺፑን ከአሮጌ ኮምፒዩተር እየነቀሉ በማይክሮኮንትሮለር ያሠሩት ሰዎች ናቸው።

ሁለቱ እንዴት እንደሚገናኙ በአንድ ምሳሌ እንይ። አንድ ቁልፍ ሲነካ ሦስት ባይት ይመጣል፤ ለምሳሌ 144፣ 69 እና 100። የመጀመሪያው በአንደኛው ቻናል ድምፅ ጀምር ማለት ነው፤ ሁለተኛው የቁልፉ ቁጥር፣ ሦስተኛው የአመታቱ ኀይል ነው። ሦስቱ ተነበው ለማለቅ አንድ ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃሉ። 69 በተለምዶ የ440 ኸርዝ ድምፅ ነው። ሲድ ግን ኸርዝ አያውቅም፤ የሰዓት ምቱ 1 ሜጋኸርዝ ከሆነ 7382 የሚለው ቁጥር በሁለት ተከፍሎ፣ 28 በላይኛው 214 በታችኛው ሬጅስተር እንዲጻፍለት ይፈልጋል። ይህን የሚተረጉመው በማይክሮኮንትሮለሩ ውስጥ የተቀመጠው ሰንጠረዥ ነው።

ሰንጠረዡን የሚያዘጋጀው ሠሪው መሆኑ ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው። የሚዲ መልእክት የቁልፉን ቁጥር እንጂ የድምፁን ልክ አይናገርም። ክራር ደርዳሪ በጆሮው የሚቃኘው አንቺሆዬ ከፒያኖ ቁልፎች ጋር ልክ ለልክ የሚገጥም አይደለም። በሲድ ላይ ግን አንዱ እርምጃ 0.06 ኸርዝ ገደማ ስለሆነ፣ ደርዳሪው የቃኘውን ለክቶ በሰንጠረዡ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ከፋብሪካ ተዘግተው የመጡ ብዙ ኪቦርዶች ይህን አይፈቅዱም።

ቺፑ እንደ ማገናኛው ዕድለኛ አልሆነም። ኮሞዶር በ1994 ከሰረ፤ የሲድም ምርት ከቆመ ቆይቷል። ከተረፉት 6581 በ12 ቮልት፣ ተከታዩ 8580 በ9 ቮልት ይሠራል፤ ሁለተኛውን በ12 ቮልት ማሠራት ማቃጠል ነው። ስለዚህ ቮልቴጁ ሳይለካ ቺፑ ከሶኬቱ አይገባም። እውነተኛውን ያጣ ሰው በዚያው ባለ 28 እግር ሶኬት የሚገቡ ምትክ ቺፖችን ይጠቀማል። በዚያም ቢሆን ድምፆቹ ሦስት ናቸው፤ አራተኛ ቁልፍ ሲነካ ከሦስቱ የትኛው ዝም እንደሚል ሚዲ አልወሰነም፤ ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ይወስናል።