አዝማሪና ትዝታ በምሥራቅ ጎጃም
ከየጁቤ እስከ ብቸናና ሞጣ ድረስ አዝማሪ በሠርግና በጠጅ ቤት ሲያጫውት ኖሯል፤ አድማጩ ግን ማሲንቆውን እየወደደ ባለማሲንቆውን ይንቅ ነበር። ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል በወሎ ስፍራዎች ሲጠሩ፥ ትዝታ የተጠራው በናፍቆት ነው። ይሁን እንጂ በማሲንቆ የሚታወሰው የሄደ ወዳጅ ብቻ አልነበረም፤ የአገር ነገርም ነበረ። የፋሺስቱ እንደራሴ ግራዚያኒ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ከተጣለበት በኋላ፥ ሕዝቡን ያሳምፃሉ በማለት አዝማሪዎችን ከጠንቋዮች ጋራ አስረሸነ፤ የሙያውን ኀይል፥ ነገሩ ቢያሳፍርም፥ ከእኛ ቀድሞ የተረዳው ጠላት ነው። በብቸና የተዋጋው አርበኛ በላይ ዘለቀ በጥር ወር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጣ። ፍርዱ የአመፀኛ ነበር፤ የጎጃም አዝማሪ ግን እስከ ዛሬ የሚያነሣው ጀግንነቱን ነው።