ስጋቱ ከገዢው በኩል ሲነሣ፦ የክራልጂክ ሠንጠረዥና የኢትዮጵያ የመድኃኒት ግዥ

ድርጅቶች በማይረጋጋ የንግድ ሁኔታ ውስጥ አቅራቢዎቻቸውን የመምራት አቅም እንዴት እንደሚገነቡ የሚመረምሩ ጥናቶች፣ ፒተር ክራልጂክ እ.ኤ.አ. በ1983 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ያወጣውን ጽሑፍ እስከ ዛሬ መነሻ ያደርጋሉ። ቲስ፣ ፒሳኖና ሹን እ.ኤ.አ. በ1997 ያቀረቡት የተለዋዋጭ አቅም ንድፈ ሐሳብ፣ ይኸውም ድርጅት አካባቢው ሲለወጥ ሀብቱንና አሠራሩን መልሶ የማዋቀር ችሎታው፣ እዚህ ያለ ሙግት ይወሰዳል። ሙግቱ ከክራልጂክ ጋር ነው።

ክራልጂክ ግዥዎችን ለትርፍ ባላቸው ፋይዳና በአቅርቦት ገበያው ስጋት እየለካ ስልታዊ፣ ማነቆ፣ ለገዢው የመደራደር ኃይል የሚሰጡና ተራ ብሎ በአራት ይከፍላቸዋል። ቀጥሎ የገዢውንና የአቅራቢውን ጥንካሬ ያነጻጽራል፤ ሆኖም ገዢውን የሚመዝነው በግዥ መጠኑ፣ በፍላጎቱ ዕድገት፣ በትርፋማነቱና በመሳሰሉት እንጂ፣ የተስማማበትን ዋጋ አቅራቢው በሚቀበለው ገንዘብ በወቅቱ መክፈል በመቻሉ አይደለም። ይህ መመዘኛ በሠንጠረዡ ውስጥ ጨርሶ ቦታ የለውም። የውጭ ምንዛሪ ለማያሳስበው ኩባንያ ጉድለቱ ላይታይ ይችላል፤ በልደታ ክፍለ ከተማ ለሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግን ዋናውን ጉዳይ መዝለል ነው።

ሆስፒታሉ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የሀገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር። በኮባልት 60 የሚሠራ የጨረር መሣሪያ ምንጩ በአምስት ዓመት ከሩብ ገደማ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ምትክ የሚያስፈልግበት ጊዜ ግዥው ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት ይታወቃል። ሠንጠረዡ ይህን ማነቆ ብሎ ክምችት ያዙ ይላል፤ በየቀኑ የሚመነምን ምንጭ ግን አይከማችም፣ ቶሎ ጊዜው የሚያልፍበት የላብራቶሪ ሪኤጀንትም እንዲሁ። የሚቀረው ክፍያውን አስቀድሞ ማዘጋጀት ሲሆን፣ አስመጪው ኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ለሻጩ ክፍያውን የሚያረጋግጥበትን ሰነድ፣ ለማስከፈት ለረጅም ዓመታት የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ለመድኃኒት ቅድሚያ ቢሰጥም ወረፋው ወረፋ ነው። በዚህ ሁኔታ አቅራቢው የሚፈራው ገዢውን ነው።

ይህን ጉድለት ለመሙላት የተዘነጋው የሐሳብ ምንጭ አዋጅ ቁጥር 553/1999 ነው። የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲን ያቋቋመው ይህ አዋጅ ግዥን ከተዘዋዋሪ ፈንድ፣ ማለትም ከሽያጭ የሚመለሰው ገንዘብ ለቀጣዩ ግዥ ከሚውልበት ካዝና፣ ጋር በአንድ ተቋም አስተሳስሯል። ስለ ኤጀንሲው ሲጻፍ መጋዘንና ስርጭት ይበዛል፤ የላቀው ሐሳብ ግን የመክፈል አቅምን የአቅራቢ አስተዳደር አካል ማድረጉ ነው። ፈንዱ በብር መሆኑ ሐሳቡን አያፈርሰውም፤ ግማሽ መንገድ ላይ መቆሙን ብቻ ያሳያል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ችግሩ አብቅቷል የሚል መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። አያስኬድም። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ቀደም ባለው ተመን በብር ዋጋ ሰጥቶ ጨረታ ያሸነፈ አስመጪ ወይ ይከስራል ወይ ውሉን ይተዋል፤ የውል ማስከበሪያ ዋስትናውን መውረስም መድኃኒት አያመጣም።

በእርግጥ ከአንድ ዘርፍ ተነሥቶ ስለ ሁሉም ድርጅት መደምደም አይገባም። ቢሆንም የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶች የክራልጂክን ሠንጠረዥ እንዳለ ማስተማራቸውን ትተው የገዢውን የመክፈል አስተማማኝነት ሦስተኛ መስፈርት አድርገው ሊጨምሩበት፣ ተቋማትም የፋይናንስ ባለሙያውን ውል ከተፈረመ በኋላ ሳይሆን የጨረታ ሰነዱ ሲዘጋጅ ሊያሳትፉት ይገባል።