የተበጠሰውን ጅማት የሰፋው ሐኪም

አንድ የጉልበት ሠራተኛ በትከሻው ይወድቃል። አጥንቱ አልተሰበረም። ሌላ ሰው ክንዱን ይዞ ሲያነሳለት ይነሳል፤ ራሱ ላንሳው ሲል ግን እምቢ ይለዋል። ራጅ የሚያሳየው አጥንትን እንጂ ጅማትን ስላልነበረ፣ የሕመሙ ምክንያት ተሰውሮ ይቀር ነበር።

ይህን ምስጢር ለመፍታት ዕድሜውን የሰጠው የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት አሞሪ ኮድማን ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1869 ሲሆን፣ በሃርቫርድ ሕክምና ተምሮ በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ሠርቷል። ትከሻ ላይ የአራት ጡንቻዎች ጅማቶች የክንድን አጥንት አናት እንደ ቆብ ያለብሱታል፤ ከላይ በኩል ያለው ሲበጠስ ክንድ መነሳት ሊያቅተው ይችላል። ኮድማን በ1909 ትከሻ ከፍቶ የተበጠሰውን ጅማት ሰፋ። በ1911 ደግሞ የዳኑ ሁለት ታማሚዎችን ታሪክ በሕክምና መጽሔት አሳተመ።

ለኮድማን ግን ሥራው በመጨረሻው ስፌት አያበቃም ነበር። ታማሚው ከዓመት በኋላ ተጠርቶ መመርመር አለበት፤ ካልዳነም ምክንያቱ ተጣርቶ በይፋ መነገር አለበት ይል ነበር። ሆስፒታሎች ይህን አልወደዱትም። ሐኪም በችሎታው ሳይሆን በአገልግሎት ዘመኑ የሚሾምበትን አሠራር ተቃውሞ ኮድማን በ1914 ከማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ለቀቀ። አስቀድሞ በከፈተው አነስተኛ ሆስፒታል ያከማቸውንም መዝገብ አሳተመ፦ 337 ታማሚዎች፣ 123 ስሕተቶች። የራሱን ስሕተት ቆጥሮ ለአደባባይ ያወጣ ሐኪም በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር።

በጥር 1915 በሐኪሞች ስብሰባ ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ገለጠ። ጭንቅላቷን አሸዋ ውስጥ የቀበረች ሰጎን የወርቅ እንቁላሎቿን በእግሯ ወደ ሐኪሞቹ ትወረውራለች። ሰጎኗ የምትወክለው የቦስተንን ባለጠጋ ሰፈር ነዋሪዎች ነበር፤ ስለ ሕክምናው ውጤት ሳይጠይቁ የሚከፍሉትን። ቁጣው ወዲያው ነደደ፤ ኮድማን የሃርቫርድ መምህርነቱን አጣ።

እሱ ግን ወደ ትከሻው ተመለሰ። በ1934 በራሱ ወጪ ያሳተመው «ትከሻ» የተባለ መጽሐፉ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በ1940 ሲሞት መቃብሩ ላይ ድንጋይ እንኳ አልቆመለትም፤ መታሰቢያው የቆመው በ2014 ነው።

ዛሬ ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው በትናንሽ ቀዳዳዎች፣ በካሜራ እየታየ ይሠራል። ጅማቱ አጥንት ውስጥ በሚተከሉ ጥቃቅን መልሕቆች ይታሰራል። ክንዱ ለሳምንታት ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ከዚያ ለወራት የሚዘልቅ እንቅስቃሴ ይከተላል። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ክንድን እንደ ፔንዱለም ማወዛወዝ እስካሁን በኮድማን ስም ይጠራል።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ኮድማን ይህ ለሆስፒታልም እንደሚሠራ አሳይቷል። ስለዚህ ለቀዶ ሕክምና የተዘጋጀ ሰው ሐኪሙን «ከእኔ በፊት ይህን ቀዶ ሕክምና ያደረግህላቸው ሰዎች ከዓመት በኋላ እንዴት ሆኑ?» ብሎ ይጠይቅ። ጥያቄው ድፍረት አይደለም፤ መብት ነው።