የማህፀን መውጣት፦ ምልክቶቹና ሕክምናው

የማህፀን መውጣት ማህፀንን፣ የሽንት ፊኛንና የትልቁን አንጀት መጨረሻ ከታች ደግፈው የሚይዙ ጡንቻዎችና ጅማቶች ሲላሉ የሚከሰት የጤና ችግር ነው። በተለምዶ «ማህፀን ወጣ» ይባል እንጂ ወደ ብልት የሚወርደው ሁልጊዜ ማህፀን አይደለም፤ ፊኛ ወይም አንጀት ሊሆን ይችላል።

ለችግሩ የሚያጋልጡ ሁኔታዎች በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላማ ቀበሌዎች የዕለት ኑሮ ውስጥ የሚታዩ ናቸው። ከእነዚህም መካከል ተደጋጋሚ ወሊድ፣ የተራዘመ ምጥ፣ ውሃ በጀሪካን እንዲሁም ማገዶ በጀርባ መሸከም፣ አራስ ሳይጠነክሩ ወደ ማሽላና ማሾ ማሳ መመለስ ይጠቀሳሉ። ለረጅም ጊዜ የቆየ ሳልና የሆድ ድርቀት፣ እንዲሁም የወር አበባ መቋረጥ ችግሩን ያባብሳሉ። የአራስ ዕረፍት ቅንጦት አይደለም፤ ሸክሙን መረከብ ያለበት ባልና ቤተሰብ ነው።

በመጀመሪያ የሚሰማው ከእምብርት በታች የመክበድና የመጎተት ስሜት ሲሆን፣ ወደ ማታ ይብሳል፤ ሲተኙ ይቀላል። ቆይቶ በብልት በኩል እብጠት የመሰለ ነገር በእጅ ይዳሰሳል። የወገብ ሕመም፣ ሽንት አጣርቶ ለመሽናት መቸገር፣ በሳል ጊዜ ሽንት ማምለጥና በግንኙነት ወቅት ሕመም ሊኖር ይችላል። ሽንት ወይም ሰገራ ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ ግን ፊስቱላ ሊሆን ስለሚችል ለጤና ባለሙያ ለይቶ መናገር ያስፈልጋል።

ብዙ እናቶች ከሐፍረት የተነሳ፣ አንዳንዶችም የዕድሜ ጉዳይ ነው ብለው ለዓመታት ይደብቁታል። ችግሩ እርግማን አይደለም፤ በየትኛውም ደረጃ ላይ ቢገኝ ሕክምና አለው። በጅማሮው የዳሌ ወለል ጡንቻን ማጠንከር ይረዳል፦ ሽንት እንደሚይዙ አድርጎ ጡንቻውን ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ማጥበቅና መልቀቅ፣ 10 ጊዜ እየደጋገሙ በቀን 3 ጊዜ መሥራት። ለውጡ የሚታየው ከወራት በኋላ ስለሆነ ቶሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ከዚህ ካለፈ በብልት ውስጥ የሚቀመጥ ደጋፊ ቀለበት ወይም ቀዶ ሕክምና ይታዘዛል። ቀዶ ሕክምና ሁልጊዜ ማህፀን ማውጣት ማለት አይደለም፤ ልጅ የመውለድ ፍላጎት ካለ አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር ይገባል።

ምርመራው በአቅራቢያ ባለው ጤና ጣቢያ ይጀመራል። ሴት ባለሙያ እንድትመረምርዎ መጠየቅ ይችላሉ። ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢት ሆስፒታል፣ እንደ አስፈላጊነቱም ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ይጻፋል፤ የሪፈር ወረቀቱንና የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያዎን ይዘው ይሂዱ። በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ያሉት የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታሎችም ይህንን ችግር ያክማሉ።

የወጣው አካል ከቆሰለ፣ ከደማ ወይም ሽንት ጨርሶ ከከለከለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ቅጠል ወይም ጨርቅ መወተፍ ለቁስልና ለኢንፌክሽን ይዳርጋል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቢያንስ ለ6 ሳምንታት ከባድ ነገር ማንሳት አይፈቀድም። በመሆኑም ቀጠሮ ሲያዝ የአጨዳውን ወቅት ለሐኪሙ ማስታወቅ፣ በእነዚያ ሳምንታት ውሃ የሚቀዳ ሰውም አስቀድሞ ማዘጋጀት ይመከራል።